የቃል ጓዳ፦ ፈረንጅ፣ ፍራንክ፣ ፈረንሳይ

ባለፈው እትም ስለ ድሬዳዋ ስጽፍ «ለገሃር እኮ ፈረንሳይኛ ነው፤ ላ ጋር፣ ጣቢያው ማለት ነው» የምትል አንዲት መስመር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር። ያቺ መስመር ጉድ አመጣችብኝ። አንዱ ስለ ፈረንጅ ይጠይቃል፣ አንዱ ስለ ፍራንኮ ቫሉታ፣ ሌላው አለቃው ከተሳደበ በኋላ ስለሚላት እንግሊዝኛ። ስለዚህ የቀረውን ጥያቄ ለሚቀጥለው ወር አሳድሬ ዛሬ የፈረንሳይን ብቻ ልመልስ። አስቀድሜ ልናዘዝ፤ እንጀራዬ ከእንግሊዝኛ መተርጎም ነበር። ፈረንሳይኛዬ ከአባቴ የወረስኩት የባቡር ጣቢያ ፈረንሳይኛ ነው። ፍሬንና ቡሎን ሲቆጠር ማንም አይቀድመኝም፣ ወደ ግጥሙ ግን አትጥሩኝ።

ውድ እትዬ፣ ባለቤቴ ፈረንሳዊ ነው። ዘንድሮ ለፋሲካ ባሕር ዳር ቤተሰብ ጋ ስንሄድ የሰፈር ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ተከተሉት። ቅር አለው። ወንድሜ «ምን ያናድድሃል? ፈረንጅ ማለት ፈረንሳይ ነው፣ በስምህ ነው የጠሩህ» ብሎ አጽናናው። አሁን እሱ ይህንኑ ለጓደኞቹ ሁሉ ያወራል። እውነት ነው ወይስ ወንድሜ ቀለደብን? — ከሊዮን

እህቴ፣ ወንድምሽ እየቀለደ እውነቱን ተናገረ፤ ነገሩ ጥቂት ዞር ይላል እንጂ። ፈረንጅና ፈረንሳይ አያታቸው አንድ ነው። አያትየው ፍራንክ ይባላል። ፍራንኮች በራይን ወንዝ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ የጀርመን ወገኖች ናቸው። የሮማ መንግሥት ሲዳከም ወደ ዛሬዋ ፈረንሳይ ገቡና በ5ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ንጉሣቸው ክሎቪስ አብዛኛውን አገር ያዘ። ከዚያ በኋላ የሆነው ያስቀኛል። አገሩን እነሱ ያዙት፣ አፋቸውን ግን ሕዝቡ ያዘባቸው። የጀርመን ቋንቋቸውን እያደር ጥለው የተገዢዎቻቸውን ላቲን መናገር ጀመሩ፤ ለአገሩ የተረፈው ስማቸው ነው። እንግሊዞች በዚያ ስም ላይ «ኢሽ» ቀጠሉበት፣ አይሪሽ፣ ኢንግሊሽ እንደሚሉት ማለት ነው። እየዋለ እያደረ ተጨማደደና «ፍሬንች» ሆነ።

ወደኛ የመጣው በሌላ በር ነው። የቁስጥንጥንያ ሰዎችና ዐረቦች ከምዕራብ የሚመጣውን ክርስቲያን ሁሉ፣ ጣሊያንም ሆነ ጀርመን፣ በጅምላ ፍራንክ ይሉት ነበር። በመስቀል ጦርነት ዘመን ደግሞ ስሙ ጭራሽ ጸና። በዐረብኛ «ኢፍራንጅ» ነው። የግዕዝ ጸሐፊዎቻችን «አፍርንጅ» አሉት። እ.ኤ.አ. በ1541 ምጽዋ ላይ የወረዱት 400 ያህል ወታደሮች ፖርቱጋሎች ቢሆኑም ለእኛ ሰው አፍርንጅ ነበሩ። ያው ቃል ወደ ምሥራቅም ተጉዟል፤ ፋርሶች «ፈራንጊ» ይላሉ፣ ታይላንድ ብትሄዱ ደግሞ ባለቤትሽን «ፋራንግ» ብለው ይጠሩታል። ባሕር ዳርን ብቻ እንዳይቀየም ንገሪው።

እንዲያውም ከዓለም ፈረንጅ ሁሉ በስሙ የተጠራው እሱ ብቻ ነው። ጀርመኑ፣ አሜሪካኑ፣ ስዊድኑ ሁሉ በፈረንሳይ ስም ነው የሚንገላታው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ለእራት ጊዜ ወሬ ይሆንሻል። ፈረንሳዮች «አባቶቻችን ጎሎች ናቸው» ማለት ይወዳሉ፤ ጎሎች የሚሏቸው ሮማውያን ከመምጣታቸው በፊት በአገሩ ይኖሩ የነበሩትን ነው። የምትኖሪባት ሊዮን ራሷ በሮማውያን ጊዜ የጎል ዋና ከተማ ነበረች። ታዲያ «ጎል» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል፣ መልኩ እንደሚያሳስተው ከላቲኑ «ጋሊያ» የወጣ አይደለም። የወጣው ፍራንኮች ባዕዱን፣ ላቲን ተናጋሪውን ከሚጠሩበት «ዋልሃ» ከሚል የጀርመን ቃል ነው። ብሪታንያ ውስጥ ያለችው ዌልስም ከዚያው ናት፤ የቤልጂጉ ዋሎንም፤ በሱፐርማርኬት የምታገኚው ዎልነት እንኳ «የባዕድ ለውዝ» ማለት ነው። እንግዲህ ባለቤትሽ አያቶቼ ጎሎች ናቸው ባለ ቁጥር፣ ቃሉን ፈልቅቀሽ ብታዪው «አያቶቼ ፈረንጆች ናቸው» እያለሽ ነው።

እትዬ፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል የ2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ፈተና ላይ ፍሬንች፣ ጋሊክ፣ ፍራንኮፎን እና ፍራንኮፋይል የሚሉ ቃላት ተሰጡንና ልዩነታቸውን ጻፉ ተባልን። እኔ «ሁሉም ፈረንሳዊ ማለት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ። የጠየቅኩት ሁሉ «ያው ነው» ይለኛል። ያው ከሆነ ዜሮው ለምን? — ግራ የገባው፣ ደብረ ብርሃን

ልጄ፣ ዜሮው ይገባሃል፤ ያው አይደለም።

ከቀላሉ ልጀምር። ፍራንኮፎን ማለት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነው፤ ፓስፖርቱን አይጠይቅም። የዳካሩም፣ የጅቡቲውም፣ የሞንትሪያሉም ሰው ፍራንኮፎን ነው። ቃሉን ያወጣው ኦኔዚም ረክሉ የሚባል የፈረንሳይ የጂኦግራፊ ሊቅ ነው፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ። ሕዝብን በዘር ወይም በሃይማኖት ከመክፈል ቤቱና ገበያው ውስጥ በሚናገረው ቋንቋ ልክፈል ብሎ ያሰበ ሰው ነው። ፍራንኮፋይል ደግሞ ወዳጅ ነው፤ ፈረንሳይኛ አንድ ቃል ሳይችል ፍራንኮፋይል መሆን ይችላል። ተቃራኒው ፍራንኮፎብ ነው። በሌላ አገር ስም ላይ ሲለጠፍ «ፍራንኮ» ብቻ ይሆናል፤ የባቡር ኩባንያችንን ፍራንኮ-ኢትዮጵያ ይሉት እንደነበረው።

የሚያስቸግረው ጋሊክ ነው። ይህኛው በቀጥታ ከላቲን ነው የመጣው፤ ሮማውያን አገሩን ጋሊያ ይሉት ነበር። ዩሊየስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ52 አሌዢያ ላይ ቬርሲንጌቶሪክስ የሚባለውን መሪያቸውን ድል ሲነሳ ያሸነፈው እነዚህን ጋሎች፣ የቅድሞቹን ጎሎች ነው። በላቲን «ጋሉስ» አውራ ዶሮም ማለት ስለሆነ፣ በዚህ የቃል ጨዋታ ሰበብ ዶሮው እስከ ዛሬ በፈረንሳይ እግር ኳስ ቡድን ማልያ ላይ ቆሞ ታየዋለህ።

አጠቃቀሙ ላይ ግን ተጠንቀቅ። እንግሊዞች «ጋሊክ ኤምባሲ» ወይም «ጋሊክ ፓስፖርት» አይሉም። ጋሊክ የጠባይ ቃል ናት፤ ትንሽ ፈገግታ፣ ትንሽ ሽሙጥ አለባት። የፈረንሳይ ሰው ከንፈሩን አሞጥሙጦ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣ ትከሻውን ከፍ አድርጎ «እኔ ምን አገባኝ» ሲል ያንን እንቅስቃሴ ጋሊክ ይሉታል። ይህንኑ አንድ ሰው «ጋሊካዊ ትከሻውን ሰበቀ» ብሎ ተርጉሞት አንብቤያለሁ። ሰውዬው ፓሪስ መሀል እስክስታ የወረደ ነው የመሰለኝ።

እና አስተውል፤ እንግሊዝኛ ጎረቤቱን የሚጠራበት ስም የበዛው ፍቅሩም ጠቡም ስለበዛ ነው። ስለ ኖርዌይ ሰዎች ይህን ያህል ቃል የለውም።

ጤና ይስጥልኝ። ትራንዚተር ነኝ፤ ውሎዬ ቃሊቲ ጉምሩክ፣ ሥራዬ ከጅቡቲ ጋር ነው። ፍራንኮ ቫሉታ የሚባለው የፈረንሳይ ገንዘብ ማለት ነው? ጅቡቲ ውስጥ የምንመነዝረው ፍራንክስ? አንድ ባልደረባዬ ጋር በምሳ ተወራርደናል። — ከአዲስ አበባ

ወንድሜ፣ እርስዎ በየትኛው ወገን እንደተወራረዱ አልነገሩኝም። የፈረንሳይ ገንዘብ ነው ያለው ሰው ምሳውን ይክፈል።

ፍራንኮ ቫሉታ ጣሊያንኛ ነው። ቫሉታ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ፍራንኮ እዚህ ቦታ ላይ «ነጻ» ማለት ነው። ዕቃውን ለማምጣት ባንክ ሄደው ምንዛሪ አልጠየቁም፣ ከዚያ ጣጣ ነጻ ነዎት እንደማለት ነው። ጣሊያኖች ከቀረጥ ነጻ የሆነውን ወደብ ፖርቶ ፍራንኮ ይሉታል።

ፍራንክ እንዴት ነጻ ሆነ? ያ የቅድሙ የጀርመን ወገን ጎልን ሲገዛ ሙሉ ነጻነት የነበረው እሱ ነበር፤ ስለዚህ «ፍራንክ ነኝ» ያለ ሰው «ነጻ ሰው ነኝ፣ የማንም ገባር አይደለሁም» ማለቱ ሆነ። የዘር ስም የማዕረግ ስም ሆነ፣ ቀጥሎ የጠባይ ስም። በእንግሊዝኛ «ፍራንክ» ሲሉ ግልጽ፣ ያለ ፍርሃት የሚናገር ማለታቸው ነው፤ ነጻ ሰው ምን ያስፈራዋል? «ፍራንቻይዝ»ም ከዚያው ነው፤ መጀመሪያ ነጻነት፣ ቀጥሎ መብት፣ የመምረጥ መብት፣ ዛሬ ደግሞ የታወቀ ምግብ ቤት ስም ተከራይቶ በርገር የመሸጥ መብት። ይህ መንገድ ለእኛ ሩቅ አይደለም። «ጨዋ» የሚለውን ቃል ይውሰዱ፤ በንጉሦቹ ዘመን የጦር ሠራዊት ስም ነበር፣ ከዚያ ባሪያ ያልሆነ ሰው፣ አሁን ደግሞ እናቶች ለልጃቸው የሚመርጡት ትሑት ሙሽራ።

የጅቡቲው ፍራንክ ገንዘብ ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። ስሙ የወጣበት ታሪክ ግን ደስ ይላል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ዣን 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1356 ፖይቲዬ ላይ በእንግሊዞች ተማረከ። ቤዛው 3 ሚሊዮን ኤኩ፣ የዘመኑ የወርቅ ገንዘብ፣ ተቆረጠ። በ1360 ተለቆ ሲመለስ አዲስ የወርቅ ሳንቲም አስቀረጸ፣ ፍራንክ ተባለ። አንዳንዱ ሊቅ ሳንቲሙ ላይ ከተጻፈው «የፍራንኮች ንጉሥ» ከሚለው ላቲን ነው ይላል፤ ሌላው ንጉሡ ነጻ ስለወጣ ነው ይላል። ፈረንሳይ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2002 ፍራንኳን ለዩሮ ለቀቀች፤ የጅቡቲው ግን ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሮ ይኸው እርስዎ ኪስ ውስጥ አለ።

በዚህ ቃል እኔም ተቀጥቻለሁ፤ ልንገርዎት። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ረዳት ተርጓሚ ነበርኩ። የመጣልኝ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አማርኛ በልዩ ልዩ ሕዝቦች መካከል «ሊንጓ ፍራንካ» ሆኖ እንደሚያገለግል ይናገራል። የድሬ ልጅ ነኛ! ፍራንካን ሳይ ልቤ በኩራት አበጠ፣ መዝገበ ቃላት ማን ይገልጣል? «አማርኛ እንደ ፈረንሳይኛ ያገለግላል» ብዬ አሰፈርኩት። አምስት መቶ ኮፒ ታተመ። ሊንጓ ፍራንካ ማለት፣ በሜዲትራኒያን ወደቦች ላይ ነጋዴውና መርከበኛው ከጣሊያንኛ፣ ከስፓንኛ፣ ከሌላውም አደባልቀው የሚግባቡበት የገበያ ቋንቋ ነበር፤ «የፈረንጆች ቋንቋ» ማለት ነው፤ ኋላ ላይ ለማንኛውም መግባቢያ ቋንቋ ተሰጠ። አለቃዬ ጠርቶኝ ገጹን በጣቱ እየነካ «ይህን ፈረንሳይ ብትሰማ የባቡሩን ዕዳ እንደገና ታስከፍለናለች» አለኝ። ከዚያ አንድ ቆርቆሮ ሙጫና አንድ መቀስ ተሰጠኝ። «መግባቢያ ቋንቋ ሆኖ» የሚል ወረቀት እየቆረጥኩ፣ በየኮፒው ላይ እየለጠፍኩ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀመጥኩ። ጣቶቼ እርስ በርስ እየተጣበቁ እንጀራ መቁረስ አቃተኝ።

ሰላም እትዬ። ናታንያ የምኖር አረጋውያን ተንከባካቢ ነኝ። እዚህ ከፈረንሳይ የመጡ አይሁዶች ብዙ ናቸው፤ በዕብራይስጥ አገራቸው ጻርፈት ትባላለች። ባለፈው ሳምንት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሴን ሳነብ ኤልያስ ወደ ሰራፕታ ሄደ ይላል። ጆሮዬ ላይ አንድ ሆነብኝ። ኤልያስ ፈረንሳይ ሄዷል እንዴ? — ከእስራኤል

ጆሮሽ አልተሳሳተም፤ ቃሉ አንድ ነው። ኤልያስ ግን ፈረንሳይ አልሄደም። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 17 ያቺ ዱቄቷና ዘይቷ ያላለቀባት መበለት የነበረችበት ሰራፕታ በሲዶና አጠገብ፣ ዛሬ ሊባኖስ ባለው የባሕር ዳርቻ ላይ የነበረ ከተማ ነው። በዕብራይስጡ ጻርፈት ነው የሚለው፤ የእኛው በግሪኩ በኩል ስለመጣ ሰራፕታ ሆነ።

ወደ ፈረንሳይ ያሻገሩት የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት ናቸው። ትንቢተ አብድዩ ቁጥር 20 ላይ ስለ ምርኮኞች ሲናገር ሰራፕታንና ስፋራድን ያነሣል። ራሺ የሚባለው ታላቅ የአይሁድ መጻሕፍት ተንታኝ፣ በ11ኛው ምዕተ ዓመት ትሯ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ የኖረ፣ ሰራፕታ ማለት እኛ ያለንበት አገር ነው የሚለውን ትርጓሜ ተቀበለ፤ ስፋራድም ስፔን ሆነች። ስፋራዲም የሚባሉት የአይሁድ ወገኖች ስማቸው ከዚያ ነው። ስደተኛ የተሰደደበትን አገር በመጽሐፉ ውስጥ ፈልጎ ማግኘቱ እኔን ብዙም አልገረመኝም፤ አንቺንም አይገርምሽም መሰለኝ።

ራሺ ሌላም ውለታ ውሏል። አንድ የዕብራይስጥ ቃል ለተማሪዎቹ ሲከብድባቸው በሰፈሩ ፈረንሳይኛ ምን እንደሚባል በዕብራይስጥ ፊደል ይጽፍላቸው ነበር። ጥንታዊ ፈረንሳይኛ እንዴት ይነገር እንደነበር የሚያጠኑ ሰዎች ዛሬም እነዚያን ቃላት ይፈልጓቸዋል። የምታስታምሚያቸው እናት ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ይሆናል።

እትዬ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሬስቶራንት ወጥ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። አለቃችን ጸያፍ ስድብ ከወረወረ በኋላ «ፓርደን ማይ ፍሬንች» ይላል። ፈረንሳይኛ የስድብ ቋንቋ ነው እንዴ? ደግሞ ሳይሰናበት የወጣ ሠራተኛ «ፍሬንች ሊቭ» ወሰደ ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ፈረንሳዮችን ምን አደረጓቸው? — ከሜሪላንድ

በመጀመሪያ ጊዜ ይቅርታው የእውነት ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የተማርኩ ነኝ የሚል እንግሊዛዊ በወሬው መሀል ፈረንሳይኛ ቃል ጣል ያደርግና፣ ሰሚው እንዳይከፋው «ፈረንሳይኛዬን ይቅር በሉኝ» ይል ነበር። በኋላ ተሳዳቢው ይቺን ሽፋን አገኛትና ስድቡን «ፈረንሳይኛ ነው» እያለ አሳለፈው።

ሳይሰናበቱ ሹልክ ማለትን በተመለከተ ፈረንሳዮች ዝም አላሉም። እነሱ ያንኑ ነገር «እንደ እንግሊዝ መውጣት» ይሉታል። ጣሊያኖችና ሩሲያዎች ከፈረንሳይ ጋር ወግነው እንግሊዝን ይከሳሉ፤ ስፔንና ፖርቱጋል ደግሞ ፈረንሳይን። ኮንዶሙንም እንግሊዝ «የፈረንሳይ ደብዳቤ» ሲለው ፈረንሳይ «የእንግሊዝ ካፖርት» አለችው። ቂጥኝም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1495 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 8ኛ ጦር ኔፕልስ ላይ ሳለ ሲነሣ ጣሊያኖች «የፈረንሳይ በሽታ»፣ ፈረንሳዮች «የኔፕልስ በሽታ» ተባባሉ። ቱርኮች ሁሉንም አስታርቀው «ፍሬንጊ» አሉት፤ የፈረንጅ በሽታ።

ወጥ ቤት ስለሆንክ ይህን ዕወቅ። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ለረጅም ዘመን የጌቶች ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ከብቱን የሚጠብቀው ገበሬ «ካው» አለው፣ ሥጋውን የሚበላው ጌታ «ቢፍ»። በጉ በግጦሽ «ሺፕ»፣ በሳህን «መተን»። አሁንም የእንግሊዝ ንጉሥ ሕግ ሲያጸድቅ በፓርላማ የሚነበበው ቃል «ለ ሯ ለ ቬ» ነው፣ ንጉሡ ይፈቅዳል ማለት ነው፤ ይህም በዚያው በጥንቱ ፈረንሳይኛ። አለቃህ ስድብ ያደረገው ቋንቋ ይህ ነው።

የምትጠብሰው ድንች ራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳይ የኢራቅን ጦርነት ስትቃወም፣ ካንተ ብዙም በማይርቀው የአሜሪካ ምክር ቤት ካፍቴሪያ ውስጥ «ፍሬንች ፍራይስ» ተሰርዞ «የነጻነት ጥብስ» ተብሎ ተጻፈ። የፈረንሳይ ኤምባሲም ድንቹ የቤልጂግ ነው ብሎ መለሰ። ልብ በል፤ ፍራንክ ማለት ነጻ ማለት ነው ብለናል። ስሙን ለመቀየር ብለው ያንኑ ስም መልሰው ጻፉት።

እንዲህ ያለው «ፍሬንች» የትም አለ። ፍሬንች ሆርን የሚባለውን ጥሩምባ የተጫዋቾቹ ማኅበር ከ1971 ጀምሮ «ሆርን ብቻ በሉት» እያለ ይለምናል። ፍሬንች ቶስት የሚባለውን፣ እንቁላል ውስጥ ነክረው የሚጠብሱትን ዳቦ ፈረንሳዮች «የጠፋ ዳቦ» ነው የሚሉት፤ የደረቀውን ከመጣል ስለሚያተርፍ። ለእንግሊዝኛ «ፍሬንች» ብዙ ጊዜ «ከወዲያ ማዶ የመጣ፣ ከኛው ለየት ያለ» ማለት ብቻ ነው። እኛስ? የፈረንጅ ዶሮ፣ የፈረንጅ ላም፣ የፈረንጅ ጥድ እንል የለም? ያው ቃል፣ ያው ሥራ። የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ያለበት «ፍሬንች ቶስት» ስትሠራ አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ጠራኸው ማለት ነው።

አንቺ ልጅ፣ ለገሃርን አነሣሽና የድሬን ለገሃሬ ረሳሽ! አዲስ አበባ ሄደሽ አዲስ አበቤ ሆንሽ። ደግሞ ንገሪኝ፣ እነሱ ሸመን ደ ፈር፣ የብረት መንገድ እያሉ እኛ ለምን ምድር ባቡር አልን? 86 ዓመቴ ነው፣ ቶሎ መልሺ። — ጡረተኛ፣ ድሬዳዋ

ጋሼ፣ ጥፋቴን አምኛለሁ። ባቡሩ ድሬ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ ስሙም የቀደመው እናንተ ጋ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ላይ ጆሮ ከለገጣፎና ከለገዳዲ ጋር አመሳስሎት፣ «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ነውና፣ ዛሬ ብዙ ሰው ወንዝ ይፈልግለታል።

ምድር ባቡርን እንደሚመስለኝ ልበል። ባቡር መጀመሪያ እንፋሎት ነው፤ «ቫፖር» ከሚለው ዞሮ በዐረብኛ በኩል የመጣ። ስለዚህ ለእኛ ሰው በሞተር የሚንቀሳቀስ ሁሉ ባቡር ነበር። ሰርኪስ የሚባለው አርመናዊ ያመጣው፣ መንገድ የሚደለድለው መኪና የሰርኪስ ባቡር፣ አውሮፕላኑ የሰማይ ባቡር። ሰማይ ላይ ሌላ ካለ ይህኛው የምድር መባል ነበረበት።

አባቴ ፍሬን ክፍል ነበር የሚሠራው፣ ግራ እጁ ላይ አንድ ጣት የጎደለው፣ ረጅም ሰው። ካስታወሱት ይጻፉልኝ።